ቀብድ አያስርም

ሰሞኑን የቤት ነገር በተነሳበት ሁሉ ስሞታው አንድ ዓይነት ነው። «ዋጋ ቆርጠን፣ ቀብድ ሰጥቼ፣ ምስክር ፈርሞ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሻጩ ደወለና ‹ገንዘብህን መጥተህ ውሰድ› አለኝ።» ለአንዳንዱ ቀብዱ እጥፍ ሆኖ ይመለስለታል። ሌላው የሰጣትን ብቻ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ወሬው የሚያበቃው ግን ሁልጊዜ ሰው ላይ ነው፤ ቃል ረከሰ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ጠፋ፣ ደላላው መሀል ገብቶ በጠበጠን ይባላል። ክፉ ሰው የለም አልልም። ነገር ግን ያው ሻጭ ዋጋ ባልጨመረበት ዓመት ቢሆን ቃሉን ጠብቆ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ ገዢውን መርቆ ይሸኝ ነበር። የተለወጠው ጠባዩ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ሁለቱም በፈረሙበት ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፎ ነበር።

ይህን የምለው አንድ ወረቀት በእጄ ይዤ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በሰኔ 2016 አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ አንድ ቤት በ10 ሚሊዮን ብር ለመግዛት ተዋዋሉ፤ የቀብዱን 500 ሺህ ብር ሜሪላንድ የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው በባንክ ላኩላቸው። ውሉ የተጻፈው ደላላው ቢሮ ነው፤ ባለ ሁለት ገጽ፣ በኮምፒውተር የተለቀመ፣ በየገጹ ግርጌ የሁለቱ ተዋዋዮችና የሦስት ምስክሮች ፊርማ ያለበት። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንደኛው «ገዢ ዛሬ ቀብድ ብር 500,000 ከፍለዋል» ይላል። ሁለተኛው «ሻጭ በቤቱ ላይ ያለውን የባንክ ዕዳ ከፍለው፣ ዕግዱ ተነስቶ፣ ክሊራንስ ሲያወጡ ቀሪው ብር 9,500,000 በውልና ማስረጃ ፊት ይከፈላል» ይላል። ሦስተኛውን አንባቢ በቃሉ ያውቀዋል፤ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር 100,000፣ ለመንግሥት ብር 50,000 ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።»

በታኅሣሥ 2017 ሻጩ ደወሉ። ሌላ ገዢ 13 ሚሊዮን ሰጥቷቸዋል። መምህሩ ወረቀቱን ይዘው እኔ ቤት መጡና «ሰው ቀብድ በልቶ እንዴት ይከዳል?» አሉኝ።

ብዙ ሰው፣ ውል አርቃቂ ነኝ የሚለው ጭምር፣ ነገሩን ገልብጦ የሚያስረዳው እዚህ ላይ ነው። በአነጋገራችን ቀብድ ማሰሪያ ነው፤ «ቀብድ ይዣለሁ» ያለ ሻጭ ሌላ ገዢ ማስተናገድ ነውር ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ብዙው አንባቢ መጽሐፉን የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲባል፣ 1885 ላይ፣ ሌላ ነገር ተጽፏል። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። «ቢያጠፋ ይቀጣል» አላለም፤ «ይችላል» ነው ያለው። እጥፉን የመለሰ ሻጭ በሕጉ ዓይን አጥፊ አይደለም፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ ዳኛ አያስፈቅድም። የገዛውን መብት ተጠቀመ፣ ዋጋውን ከፈለ፣ ወጣ። ቀብድ እንግዲህ በሕጉ አገባብ የመውጫ በር ዋጋ ነው። ለመምህሩ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ ሻጩ መውጣት የቻሉት ቀብድ ስለወሰዱ ነው። ደስ አላላቸውም።

ዋጋው ስንት ነበር? ቀብዱ 10 ሚሊዮን ላይ 500 ሺህ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። ሻጩ ሲወጡ 1 ሚሊዮን ይመልሳሉ፤ ግማሹ ቀድሞም የገዢው ገንዘብ ስለሆነ ከራሳቸው ኪስ የሚወጣው 500 ሺህ ብቻ ነው። በአዲሱ ዋጋ ሲሸጡ 3 ሚሊዮን ይጨምራሉ። የመውጫውን ከፍለው 2 ሚሊዮን ተኩል ይተርፋቸዋል። ከዚህ ሒሳብ አንድ መለኪያ ይወጣል፤ ቀብድ የሚሰጥም የሚቀበልም ሰው ይህን መለኪያ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል። ቀብዱ ከዋጋው ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ፤ ያ ቁጥር ቤቱ ስንት በመቶ ሲጨምር መውጣት ለሻጩ ትርፍ እንደሚሆን ይነግራችኋል። ቀብዱ 5 በመቶ ከሆነ፣ ከ5 በመቶ ጭማሪ በኋላ ሻጩን በውሉ የሚያቆያቸው ቃላቸው ብቻ ነው። ለገዢውም በተገላቢጦሽ እንዲሁ ነው፤ ዋጋ ከ5 በመቶ በላይ ቢወርድ ቀብዱን ትቶ መሄድ ያዋጣዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የቤት ዋጋ በብር ሲወርድ ያየ ገዢ ብዙም አይገኝም። ስለዚህ በሩ በወረቀት የሁለቱም ቢሆንም በተግባር የሚወጣበት ሻጩ ነው።

በዚህ ላይ ጊዜ ይጨመርበት። 5 በመቶ ቀብድ ለሁለት ሳምንት ከሆነ ተገቢ ዋጋ ነው፤ በሁለት ሳምንት ቤት ያን ያህል አይጨምርም። ያው 5 በመቶ ለስድስት ወር ሲሆን ግን በሩ በርካሽ ተሽጧል። እኔ እስከዛሬ ባየኋቸው የመንደር ውሎች ሁሉ ቀብዱ የሚቆረጠው ዋጋውን አይቶ ነው፤ ጊዜውን አይቶ ሲቆረጥ አላየሁም። ቤት የሚያፈርሰው ይህ ልማድ ይመስለኛል።

ሰኔ 2016 ደግሞ ተራ ወር አልነበረም። በቀጣዩ ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ በታኅሣሥ ከ120 በላይ ነበር። የሜሪላንዱ ወንድም 500 ሺህ ብር ለመላክ በባንክ ተመን ወደ 8,700 ዶላር አውጥተዋል። በታኅሣሥ ቀብዱ እንዳለ ቢመለስላቸው ከ4,200 ዶላር በታች ነው። እጥፉ፣ ሙሉው 1 ሚሊዮን ብር፣ ቢመለስላቸው እንኳ ከ8,400 ዶላር በታች ነው። በሕጉ ቅጣት መስሎ የሚታየውን እጥፍ ቢከፍሉ እንኳ ሻጩ የወሰዱትን ያህል አልመለሱም ማለት ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ዋጋ በብር፣ ቀብድ በብር፣ ቁጠባ በዶላር እያደረጉ ሲዋዋሉ ይህን አስልተው አይመስለኝም።

ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ክርክር «የዋጋ ንረቱ እየረገበ ነው፤ ቀብድም ወደ ቦታው ይመለሳል» የሚል ነው። በዚህ ነገር ላይ ከይፋዊ ቁጥሮች ጋር ከተጣላሁ ቆይቻለሁ። የሸማቾች ዋጋ መለኪያ በባሕርዩ የቤት መሸጫ ዋጋን አይለካም፤ ጤፍና ዘይት ስለረገቡ የሰሚት ቤት ረግቧል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ለቤት ሽያጭ ያለን የመንግሥት ቁጥር በውልና ማስረጃ ፊት የሚጻፈው የውል ዋጋ ነው። ያ ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ የማያውቅ አዋቂ በዚህ ከተማ የለም። 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለ፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ሕንፃ ተሽጦ በሚገኝ ጥቅም ላይ የተጣለ 15 በመቶ ግብርም አለ። በዚህ ምክንያት 10 ሚሊዮን የተከፈለበት ቤት በወረቀት 4 ሚሊዮን ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነት ቁጥር ተነስቶ ስለ ገበያው የሚናገር ሰው የሚናገረው ስለ ግብር ፍርሃት ነው። ወደዚህ ቁጥር እመለሳለሁ፤ ከስታቲስቲክስ የከፋ ጉዳት አለበት።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። መምህሩ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ተስፋ አድርገው ነበር፤ «ገደብ ከፍሎ ውሉ የጸና ነው» ይላልና። እውነትም ገደብ ከቀብድ የተለየ ፍጥረት ነው። በቁጥር 1890 መሠረት ገደብ መኖሩ ውል አክባሪውን እንዲፈጸምለት ከመጠየቅ አያግደውም፤ ገደብ የከፈለ ሰው በመክፈሉ ብቻ ከውሉ አይወጣም። ቀብድ «ከፍለህ ውጣ» ይላል፤ ገደብ «ብትከፍልም አትወጣም» ይላል። መምህሩ የፈረሙበት ወረቀት ሁለቱንም ይላል። የትኛው ይገዛል? እኔ ዳኛ ብሆን 1885 «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ተቃራኒ ስምምነት አድርጌ ለገዢው እፈርድ ነበር። ሌላ ዳኛ ደግሞ ያ ዓረፍተ ነገር ከየውሉ የሚገለበጥ ማሳረጊያ ነው፣ ተዋዋዮቹ ልብ ብለው የጻፉት ቀብዱን ነው ሊል ይችላል። ለመምህሩ ትርጉሙ የዓመታት ክርክር ነው። ሁለት መስመር ሰነፍ ጽሑፍ ያመጣው ነው።

ከቀብድም ከገደብም በላይ ዋናው ጥፋት ያለው ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ «ሲያወጡ» የምትለው ቃል ላይ። አማርኛችን በዚህች «ሲ» ሁለት ነገር ይሸፍናል። «ዝናብ ሲዘንብ እንዘራለን» ስንል ዝናቡን ማንም ግዴታ አልገባም፤ ከዘነበ እንዘራለን፣ ካልዘነበ ማንም ጥፋተኛ የለም። «ደመወዝ ሲከፈለኝ እመልሳለሁ» ስል ደግሞ አሠሪዬ የመክፈል ግዴታ እንዳለበት ተቆጥሮ ነው። ውሉ ላይ ያለችው «ሲያወጡ» የትኛዋ ናት? የመጀመሪያዋ ከሆነች ክሊራንስ መውጣቱ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1869 ጀምሮ የሚዘረዝረው ዓይነት፣ ይሁን አይሁን ያልታወቀ ነገር። እስኪሆን ድረስ ገዢ ቀሪውን አይከፍልም፣ ሻጭ አያስረክብም፤ ባይሆንም ማንም አላጠፋም። ሁለተኛዋ ከሆነች ክሊራንስ ማውጣት የሻጩ ግዴታ ነው፤ ባያወጡ ውል አፍርሰዋልና ገዢው እንዲፈጸምለት፣ ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት፣ ከዚያም በላይ ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል። የባንኩን ዕዳ የሚከፍሉት ሻጩ ናቸው። ዕግድ የሚያስነሱት፣ ማመልከቻ የሚጽፉት፣ ወረዳና ክፍለ ከተማ የሚመላለሱት ሻጩ ናቸው። ገዢው ምንም ማድረግ አይችልም። ሻጩ ዋጋ እየጨመረ መሆኑን ካዩ ማድረግ ያለባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንም አለማድረግ። ክሊራንሱ አይወጣም፣ ቅድመ ሁኔታው አይሟላም፣ ጊዜው ይሄዳል። ቀብድ ቢያንስ ዋጋ ያለው በር ነው፤ 500 ሺህ ይከፈልበታል። ቀን የሌለው ቅድመ ሁኔታ ግን ነጻ በር ነው፤ በሩንም ከፍቶ የያዘው ራሱ ሊወጣበት የሚፈልገው ሰው ነው። ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ስድስት ወር ተቀምጦ አይቶ፣ ካልጨመረ ክሊራንስ አውጥቶ ይሸጣል፤ ከጨመረ «አልወጣልኝም» ይላል። ሰዎች ስለ ቀብድ እጥፍ ሲጨቃጨቁ ስሰማ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የሚያልፈው በዚህኛው በር ነው።

ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም ማለት አይደለም፤ ጠይቆ ለጻፈ ሰው አለው። ቁጥር 1786 ተዋዋዮቹ በውሉ ውስጥ አስቀድመው ካስቀመጡት አንድ ወገን ዳኛ ሳይጠብቅ ውሉን መሰረዝ ይችላል ይላል። ይህ ካልተጻፈ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ተጨማሪ ጊዜ ይወሰናል፣ ከዚያ ዳኛ ፊት ይቀረባል፤ ዳኛውም በ1785 መሠረት ጥፋቱ የውሉን መሠረታዊ ነገር የነካ መሆኑን እስኪያይ ውል ለመሰረዝ አይቸኩልም። መቸኮሉም አያምርበትም። ስለዚህ ጥያቄው የመሰረዝ መብት ይኑር አይኑር አይደለም፤ ለማን ይሰጥ ነው። የእኔ መልስ አንድ ነው፦ ቁልፉ በእጁ ላልሆነው ወገን። ክሊራንስ የሚያወጣው ሻጭ ከሆነ፣ ካልወጣ የመሰረዝ መብት የገዢው ብቻ መሆን አለበት። ገዢው የባንክ ብድር እስኪፈቀድለት የሚጠበቅ ከሆነ፣ ቀኑ ሲያልፍ የመሰረዝ መብት የሻጩ መሆን አለበት። በሁለቱም በኩል የሚሠራ «ካልተሟላ ውሉ ቀሪ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቁልፉን የያዘውን ሰው መሸለም ነው።

የኮንዶሚኒየም ሽያጮች የዚህ ችግር ትልቁ ማሳያ ናቸው። በዕጣ የደረሰ ቤት ለአምስት ዓመት አይሸጥምና ሰዎች «አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስም አዛውራለሁ» ብለው ይዋዋላሉ፤ ገዢው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ውክልና ይቀበላል። ቅድመ ሁኔታው አምስት ዓመት ያህል ይዘልቃል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ውሉ የሕግ ክልከላን ለመዝለል የተደረገ ነው ተብሎ የመፍረስ አደጋ አለበት። ገዢው የተማመነበት ውክልና ደግሞ በሰጪው በማንኛውም ጊዜ የሚሻር፣ ሰጪው ሲሞትም የሚያበቃ ወረቀት ነው። በሊዝ ቦታ ላይም «ግንባታው ግማሽ ሲደርስ» እየተባለ ተመሳሳይ ውል ይጻፋል፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከዚያ በፊት መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው የሚቀርለትን ጥቅም በጣም ስለሚያጠበው። ባዶ መሬትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፤ እዚያ ላይ የሚሰረዝ ውል ከመነሻውም የለም።

የመምህሩ ሻጭ ጠበቃ አማከሩ። ጠበቃው ያሳዩአቸው በር ከሁሉም የሰፋ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ልዩ ፎርም የሚያስፈልገው ውል ፎርሙን ካልጠበቀ በ1720 መሠረት ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው፤ ወደፊት ልንዋዋል ተስማምተናል የሚለው ወረቀት እንኳ በ1721 መሠረት ያንኑ ፎርም ይፈልጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ምዝገባ ለውሉ መኖር አስፈላጊ ነው ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ተዋዋዮቹ ውሉን ማድረጋቸውን ካልካዱ አለመመዝገቡ ብቻ አያፈርሰውም ወደሚል አቋም ለስልሷል። የመለሳለሱ ሐሳብ መልካም ነው። ነገር ግን ክርክሩን ወዴት እንደገፋው ተመልከቱ፤ ያመነ ሻጭ ይገደዳል፣ የካደ ሻጭ የመዳን ዕድል ያገኛል።

ውሉ ረቂቅ ነው ከተባለ ደግሞ እጥፉም የለም። የሌለ ውል ቀብድ የለውምና ሁለቱ ወገኖች በ1815 መሠረት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። «ወደነበሩበት» የሚለው ቃል ግን የሚያውቀው ብርን ብቻ ነው። ሻጩ 500 ሺህ ብር ይመልሳሉ። ወለድ ቢታሰብም ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ2014 ዓ.ም እኔ የማላምነው ይፋዊ የዋጋ ንረት ራሱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር አስታውሱ። ቤቱ በሻጩ እጅ ጨመረ፣ ብሩ በገዢው እጅ ቀለጠ፤ ሕጉ ሁለቱንም ወደነበሩበት መለስኩ ይላል።

አሁን ወደዚያ 4 ሚሊዮን ልመለስ። «እኔማ ውልና ማስረጃ ሄጄ አስመዝግቤያለሁ» የሚል ገዢ ከላይ ካለው ሁሉ አምልጧል፤ ከአንዱ ግን አላመለጠም። 10 ሚሊዮን ከፍሎ በተመዘገበው ውል ላይ 4 ሚሊዮን ካስጻፈ፣ ነገ ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢሰረዝ ተመላሽ የሚሆነው በጽሑፍ ያለው ነው። ቀሪው 6 ሚሊዮን በምን ይረጋገጣል? ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሁላችንም የምንገለብጣት ቁጥር 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈረሙት ሰዎች መካከል በውስጡ ለያዘው ነገር ሙሉ ማስረጃ ነው የምትል ናት። ተከታይዋ 2006 ደግሞ ጽሑፉን በሰው ምስክር ማስተባበልን ትከለክላለች። ለጥንካሬ ብለን የጻፍናት ቁጥር ያሳነስነውን ዋጋ እውነት አድርጋ ታስቀራለች። ሻጩ በጥሬ ገንዘብ የተቀበለውን 6 ሚሊዮን ቢክድ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ግብሩን ለመሸሽ የተጻፈው ቁጥር ለሻጩ የ6 ሚሊዮን ብር መውጫ በር ይሆንለታል፤ ገዢው ያተረፈው ጥቂት መቶ ሺህ ብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ነው። ይህን ነገር ለመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ለገዢዎች ነው የምናገረው፤ ትክክለኛውን ዋጋ አስጽፉ።

ውጤቶቹን በአጭሩ ልለፍ። ገዢ በቀብድ እምነት ሲያጣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ወዲያው ቁልፍ መረከብ ይፈልጋል፤ ያን ማድረግ የሚችለው ጥሬ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ ደመወዝተኛውና በባንክ ብድር የሚገዛው ከሰልፉ ይወጣሉ። ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ገንዘባቸውን እዚያው ያቆያሉ። ደላላው ከአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ኮሚሽን ያገኛል። ፍርድ ቤቶቻችን ጥቂት ጥሩ ቃላት ቢጻፉ ኖሮ በማይመጡ መዝገቦች ይጨናነቃሉ።

በዚህ ሳምንት ለመፈረም የተዘጋጀ አንባቢ ካለ የምለምነው የሚከተለውን ነው። «ሲያወጣ» የሚለውን አስፍቆ «እስከዚህ ቀን ድረስ የማውጣት ግዴታ ገብቷል» ያስብል፤ ቀኑ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። «ካላወጣ ገዢው ብቻ ውሉን የመሰረዝ መብት አለው» ይባል፤ ሲሰርዝ ምን ያህል ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስለትም ይግባ። የባንክ ዕዳ ካለ ገንዘቡ በሻጩ እጅ ሳይገባ በቀጥታ ለአበዳሪው ባንክ ይከፈል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ ዕዳውን የሚከፍለው ከገዢው በሚያገኘው ገንዘብ ስለሆነ ቅድመ ሁኔታው ራሱን በራሱ ያስራልና። ቀሪው ስም እስኪዛወር በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። «ቀብድ» የሚለው ቃል የሚጻፈው መውጫ በር ለመክፈት ከተፈለገ ብቻ ይሁን፤ ካልተፈለገ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ «በቁጥር 1885 መሠረት ውል ለማፍረስ አያገለግልም» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ከሁሉ በላይ ወረቀቱ ከደላላው ቢሮ ወጥቶ ውልና ማስረጃ ይድረስ፤ ቀብድም ቢሆን፣ ቅድመ ውልም ቢሆን።

መምህሩ ፍርድ ቤት አልሄዱም። ሽማግሌ ገብቶ ሻጩ 700 ሺህ ብር መለሱላቸው፤ ወንድማቸው ስንት ዶላር እንደላኩ በሽምግልናው ላይ አልተነሳም። ቤቱ በ13 ሚሊዮን ብር ለሌላ ሰው ሊሸጥ ውል ተጽፏል። አዲሱ ገዢ 600 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቷል፤ ቀሪውን የሚከፍለው ክሊራንስ ሲወጣ ነው።